የመጣውን ሲቆጥር የኖረ ሰው

የሐኪም ካሳዬን ሞት የሰማሁት ከኒሯቅ ገበያ ስመለስ መንገድ ላይ ነው። የማውቀው የፍየል ነጋዴ አቁሞኝ፣ «እማማ፣ ያ በሽተኛ የሚቆጥረው ሐኪም ዐረፈ አሉ» አለኝ። አላለቀስሁም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ መንገዴን ቀጠልሁ።

ተዝካሩ ላይ ግን ተገኘሁ። ዳሱ ሰፊ ነው፣ ሰዉ ብዙ ነው። ከከተማ የመጣ አንድ ዘመዱ ተነሥቶ ስለሟቹ ተናገረ። «ሐኪም ካሳዬ በሽታው ገና ሰው ሳይነካ የበሽተኛውን ቁጥር የሚያውቁ ነበሩ። ዘንድሮ ይህን ያህል ሰው ይታመማል ብለው ተናግረው አንድ ቀን ዝንፍ ብሎባቸው አያውቅም» አለ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «እውነት ነው፣ እሳቸውማ ነቢይ ነበሩ» አለችኝ።

«ዝንፍ ብሎበታል» አልኋት።

«ምን አሉ?»

«ዝንፍ ብሎበታል። እኔ ቆሜ አይቻለሁ።»

እንደጃጀች አሮጊት አየችኝና ፊቷን አዞረች። የቀረበልኝን ሳልቀምስ ተነሣሁ።

እኔ ፊደል የለየሁት በስተርጅና ነው፤ የልጅ ልጄ ስታጠና አጠገቧ ቁጭ እያልሁ። ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢንሻፈፍ አትፍረዱብኝ። ንዴቴ ግን አልተንሻፈፈም። ሰውን ሲሞት ባልሆነው ነገር ማመስገን ሁለተኛ መቅበር ነው። ደግሞ «እሱ» እያልሁ ስጽፍ የናቅሁት እንዳይመስላችሁ። አንቱ የምለው ዘመን ነበር። በአንድ ቀን ቀረ፤ እንዴት እንደቀረ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ካሳዬ የመሪጌታ ልጅ ነበር። አባቱ ዜማ ሊያስተምሩት ብዙ ደክመው ነበር፤ ድምፁ ግን እንደተሰነጠቀ ቅል ነው። የሆነለት ባሕረ ሐሳብ ብቻ ነው። ፋሲካ መቼ እንደሚውል፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባ አውራ ጣቱን በሌሎቹ ጣቶቹ አንጓ ላይ እያራመደ ያወጣል። ቄሶቹ ራሳቸው ሲጠራጠሩ እሱን ይጠይቁት ነበር። ከዚያ ራቅ ካለ ከተማ ሄዶ ድሬሰርነት ተማረና ወደ ሰቆጣ ተመለሰ። ቆርቆሮው ከሩቅ የሚያብረቀርቅ ሐኪም ቤት ነበረን፤ እዚያ ሾሙት። ነጭ ጋዋን ለበሰ፣ ጫማውን ወለወለ። አውራ ጣቱ ግን የቤተ ክህነት ልጅነቱን አልተወም። ሰው ሲያናግረውም፣ መርፌ ሲቀቅልም፣ መንገድ ሲሄድም ያቺ ጣት አንጓ ለአንጓ ትሄዳለች።

ሥራው እንዲህ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ ለሚመጣው ዓመት ስንት በሽተኛ እንደሚመጣ ገምቶ፣ ያንን የሚያህል መድኃኒት ላይ ካለው መሥሪያ ቤት ይጠይቃል። የተላከለት እስከሚቀጥለው ሰኔ መብቃት አለበት። ካለቀ አለቀ። መኪናው ለአንድ ሐኪም ቤት ብሎ ሁለት ጊዜ ያንን አቀበት አይወጣም።

ሌሎች ድሬሰሮች ያምናውን ቁጥር ገልብጠው ይልኩ ነበር አሉ። ካሳዬ በዚህ ይስቃል። «አምና ለዘንድሮ ጎረቤቱ እንጂ አባቱ አይደለም» ይላል። «የማርቆስ ዓመት አባቱ ያለፈው ማርቆስ ነው፤ የሉቃስም ሉቃስ ነው። ዓመት ከአባቱ አይርቅም።» እንግዲህ ወንጌላውያኑ አራት ናቸውና በየአራት ዓመቱ ስማቸው ይመለሳል። እሱም ዘመነ ማርቆስ ሲገባ ባለፈው ዘመነ ማርቆስ ስንት ሰው በሩን እንዳንኳኳ አይቶ፣ ከዚያ ተነሥቶ ይገምታል።

ልክም ይሆንለት ነበር፤ ይህን አልክድም። ጥቅምት ላይ ወደ ተከዜ በረሃ ለማሽላ የወረደው ሁሉ በንዳድ እየተንቀጠቀጠ ሲወጣ፣ ካሳዬ አስቀድሞ ክኒኑን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ጥምቀት ሲቀርብ ፋሻ ይቆርጣል። «ጎረምሶቹ እኮ ገና አልተጣሉም» ስንለው፣ «ይጣላሉ። አባቶቻቸውም ተጣልተዋል» ይላል። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሐኪም ቤቱ ጭር ይላል፤ ክኒን ጾም ያስገድፋል ብሎ ሁሉም ሕመሙን አፍኖ ይሰነብታል። ፋሲካ ሲፈታ ሁሉም ሆዱን ይዞ ይመጣል። ፋሲካ ቀድሞ ቢውል ቁጥሩን ቀደም፣ ገፍቶ ቢውል ገፋ ያደርገዋል። ላይ ያሉት ሹሞች ይህ ሊገባቸው አልቻለም፤ ውጤቱን እያዩ ግን ያደንቁት ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ባሌ ሞቶብኝ ጨው በአህያ ጭኜ ከሰቆጣ ጽጽቃ፣ ከጽጽቃ ሰሃላ፣ ከዚያም ኒሯቅ የምዞር ሴት ነበርሁ። በሰቆጣ ገበያ ቀን ካሳዬ ወደ ጨዌ ይመጣል። «እታለም፣ ያቺ እግርሽ ገና አላረፈችም?» ይለኛል። «እርስዎ ጣትዎን ሲያሳርፉ እኔም እግሬን አሳርፋለሁ» እለዋለሁ። ጨዋታችን እንዲህ ነበር።

አንድ ቀን ከጎኔ ያለችው ጠላ ሻጭ፣ «ሐኪም፣ ይህን ያህል ካወቁ እስቲ ይንገሩኝ፤ ዘንድሮ እኔ እታመማለሁ?» አለችው።

«አንቺን አላውቅም። ከዚህ ገበያ ስንት ሰው እንደሚታመም ግን አውቃለሁ።»

«ታዲያ እኔ ከነዚያ ውስጥ ልኑር አልኑር በምን ይታወቃል?»

«ስትመጪ እቆጥርሻለሁ» አላት።

ገበያው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አሁን ያቺን ቃል ሳስባት ጥርሴ ይፋጫል።

የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ሲል ዝናቡ ከዳን። መጀመሪያ ዘግይቶ ገባ፣ ቶሎም ወጣ። የሚቀጥለውን በልግ ጭራሽ ዐይኑን አላየነውም። እኔ እንደልማዴ እዞራለሁ፤ ጨው የሚገዛኝ ግን ጠፋ። ወጥ የሌለው ሰው ጨው ለምኑ ነው? ሲመሽብኝ የማድርባቸው ቤቶች በራቸውን ዘጉ። ሳንኳኳ ከውስጥ፣ «ሱባኤ ይዘን ጠበል እየጠጣን ነው፤ እንግዳ አናስገባም» ይላሉ። አንዱ ቤት እንዲህ አለኝ። ሁለተኛውም እንዲህ አለኝ። ጽጽቃ እስክደርስ ያንኑ ስሰማ ሄድሁ።

ሰቆጣ ተመልሼ ለካሳዬ ነገርሁት። በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ ግቢው ጭር ብሏል። ዶሮ ብቻ ትጭራለች።

«ልክ ነው» አለኝ፣ ደስ ብሎት። «ለዚህ ነው እኔ ዘንድ ሰው የቀነሰው። ሰዉ ወደ ጠበሉ ዞሯል። ጠበል የጀመረ ደግሞ መድኃኒት አይነካም። የሚመጣው ዓመትም ማርቆስ ነው። ያለፈው ማርቆስ እንዴት ያለ ቀላል ዓመት እንደነበረ ታስታውሻለሽ?»

«ሰው ከስቷል፣ አያ ካሳዬ።»

«ክሳት ክኒን የለውም። እኔ የመጣውን ነው የምቆጥረው።»

ሰኔ ደረሰና ግምቱን ላከ። ትንሽ መድኃኒት ጠየቀ። ያ አልበቃ ብሎት፣ ከዓመቱ የተረፈውንም አሽጎ መለሰ። በኋላ ሹሞቹ ቆጣቢ ብለው አመሰገኑኝ እያለ በየገበያው አወራ።

መስከረም ከጠባ በኋላ እህቴ ዘነቡ ዘንድ ሄድሁ። ታናሼ ናት። ከጽጽቃ መንገድ ወረድ ብላ ባለች መንደር ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ባሏ ሰሊጥ አጭዳለሁ ብሎ ሑመራ ወርዶ ድምፁ ጠፍቷል። በሩ ተዘግቷል። አንኳኳሁ።

«ሱባኤ ላይ ነን» አለ የገዛ እህቴ ድምፅ።

«ዘነቡ፣ እኔ ነኝ።»

ቆይታ ግድግዳ እየተደገፈች ከፈተችልኝ። ፊቷ ላይ ዐይን ብቻ ቀርቶ ነበር። ግንባሯን ስነካው ያቃጥላል። ምሰሶው ላይ የጠበል ቅል ተንጠልጥሏል። አውርጄ አየሁት፤ ውስጡ ደርቆ ሸረሪት አድርቶበታል።

«ይህ ነው ጠበልሽ?» አልኋት።

«እንግዲህ ምን ልበል? ርቦኛል ልበል?»

«ተነሺ። ቃሬዛ ላስነሣና ሰቆጣ ልውሰድሽ።»

«አልሸከምም።»

«ለምን?»

«ተሸካሚዎቹ ምን ይበላሉ?» አለችኝ።

በእኛ አገር የታመመ ሰው ሐኪም ቤት የሚደርሰው በጎረቤት ትከሻ ነው። ወንዶቹ እየተቀባበሉ አቀበቱን ያወጡታል። የታማሚው ቤት ደግሞ ሳያበላ ሳያጠጣ አይሸኛቸውም። ድኻም ቢሆን ቆሎ ይቆላል፣ ቅራሪ ይቀዳል። ተሸካሚዎቹ ቢያጡ አፍ አውጥተው አይናገሩም፤ ነውሩ ግን ቤቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። «እነእገሌ እናታቸውን በሰው ባዶ ሆድ አሸከሙ» እየተባለ ልጅ በዚያ ይሰደባል፣ ሲያገባም ይነሣበታል።

«ለልጆቼ ያንን ስም አላወርስም» አለችኝ ዘነቡ። «ደግሞስ እነሱም እኮ ርቧቸዋል፣ እቴ። ከእኔ ቤት ሳይቀምሱ ወጥተው አቀበቱ ላይ ቢወድቁ ደማቸው በማን ነው?»

ያን ጊዜ በየመንገዱ የተዘጉብኝ በሮች ሁሉ አንድ ላይ ተከፈቱልኝ። ጠበል የሚባለው የእፍረት መከደኛ ነበር። የሚታመመው አልቀነሰም። የሚሸከመውን የሚያበላ ነው የጠፋው።

ልጆቹን ለጎረቤት አደራ ብዬ ወደ ሰቆጣ ገሠገሥሁ። ካሳዬ እዚያው በረንዳው ላይ ነው።

«አያ ካሳዬ፣ እህቴ ታማለች። መድኃኒቱን ይስጡኝ፣ እኔ እወስድላታለሁ።»

«ሳላይ አልሰጥም፣ እታለም። አምጫት።»

«አትመጣም። ለተሸካሚ የምታቀርበው የላትም።»

«እንግዲያ ዘመድ ያምጣት። በዚህ በር የገባ ይታከማል፤ ደንቡ ይኸው ነው።» አውራ ጣቱ አንጓው ላይ ይሄዳል።

«በመንገዱ ያለው ቤት ሁሉ እንደእሷ ነው። ጠበል የሚሉትም ውሸት ነው። ቅሉ ደርቋል።»

«አንቺ የያዝሽው የመንገድ ወሬ ነው። እኔ የያዝሁት የስንት ዓመት ቁጥር ነው። ዘንድሮ ቀላል ዓመት ነው አልሁሽ።»

ያን ጊዜ አንቱታው ከአፌ ወደቀ። በሕይወቴ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አልጮኽሁም። ቀስ ብዬ ነው ያልሁት። «አንተ» አልሁት፤ «አንተ ያላየኸው ሰው አልታመመም?»

አውራ ጣቱ ቆመ።

«ምን አልሽ?» አለኝ በኽምጥኛ። ካሳዬ ሲኮራ በአማርኛ ነው የሚናገረው፤ ሲደነግጥ የእናቱ ቋንቋ ይመጣበታል። እኔም በዚያው በእናታችን ቋንቋ ደገምሁለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ ብዬው አላውቅም።

በማግስቱ ጧት ሐኪም ቤቱን ቆልፎ፣ መርፌና መድኃኒቱን በኮሮጆ ይዞ አብሮኝ ወጣ። በመጀመሪያው ቤት ሲያንኳኳ እንደተለመደው፣ «ሱባኤ ላይ ነን» አሉት። የመሪጌታ ልጅ አይደል፣ «የየትኛው ደብር ጠበል ነው?» ብሎ ጠየቀ። መልስ የለም። «መቼ ገባችሁ? መቼስ ትፈታላችሁ?» አለ። በሩን ገፍቶ ጎንበስ ብሎ ገባ። ሲወጣ ፊቱ የሱ አይመስልም ነበር። ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ። ከዚያም ወደሚቀጥለው። መጀመሪያ ላይ በጣቱ ይቆጥር ነበር፤ ጥቂት ቤት እንዳለፍን እጁን ጨብጦ ያዘው።

ዘነቡን ግርሻ ነው ብሎ ወጋት። ግርሻ የሚባለው ትኩሳት ለቀቅ አድርጎ የሚመለስ ነው። ክኒን ሰጣት፤ ከኮሮጆው የገዛ ስንቁን አውጥቶም ለልጆቹ አካፈላቸው። «ባሰብሽ ጊዜ ትመጫለሽ» አላት። ዘነቡ ወደ እኔ ብቻ አየች። ምን ማለቷ እንደሆነ እሱም ገባው።

ስንመለስ አላስቻለኝም። «የዚህ ዓመት አባት ማነው?» አልሁት።

«ዲቃላ ነው» አለኝ።

ቤቱ እንደገባ ጎተራውን ከፈተ። ሚስቱ ምላሷ ስለት ነበር። «የመንግሥትን በሽተኛ በእኛ ገብስ ልትቀልብ ነው?» አለችው። «በሽተኛውን አይደለም፤ የሚሸከሙትን ነው» አላት። «ያልታመመውን? እንግዲያስ በደንብ አብደሃል» አለችና ራሷ ተነሥታ በርሜሉን ጣደች። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ንፍሮ ተቀቀለ። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ አወጁለት፤ እኔም በየደረስሁበት ተናገርሁ፦ ቃሬዛ የተሸከመ ሰው ሐኪም ቤቱ በር ላይ ይበላል፣ የታማሚው ቤት ምንም የለበትም፣ ነውርም አይባልም።

ከዚያማ መጡ። ከየሸንተረሩ ቃሬዛ ይወርድ ጀመር። ያ ዶሮ ብቻ ትጭርበት የነበረው ግቢ የሚረገጥበት ጠፋ። ካሳዬ ጋዋኑን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ከአንዱ ወደ አንዱ ይላል። መድኃኒቱ ግን ለቀላል ዓመት የተጠየቀ ነበር፤ ገና ሰው መምጣት ሲጀምር እሱ ማለቅ ጀመረ።

ካሳዬ ይህን እንዳየ ላይ ወዳለው መሥሪያ ቤት ሄደ። እዚያ የሆነውን ራሱ ነው የነገረኝ። ሹሙ ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠው። «አንተ አይደለህ ይህን ያህል ይበቃኛል ያልኸው?» አለው።

«ተሳስቼ ነው።»

«አንተማ አትሳሳትም። ሌሎቹን የምንገሥጸው አንተን ምሳሌ እያደረግን ነው። የተረፈህን እንኳ መልሰሃል።»

«የመለስሁትን ስጡኝ እንግዲያ።»

«ለሌላ ታደለ። በሚመጣው ሰኔ ጠይቅ። ደግሞ ይህን ረኃብ የምትለውን ቃል ተወው፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አልተሰማም።»

አልተሰማም። ስንት ሰው በራፉን ዘግቶ እፍረቱን ሲውጥ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አልተሰማም ይላል። ካሳዬ በሩን ዘግቶ ሲቆጥር እንደኖረው፣ እነሱም የሱን ቁጥር በር አድርገው ዘጉብን። እኔ ማንኛቸውን አስቀድሜ እንደምረግም እስከዛሬ አልወሰንሁም።

እሱ በሄደበት ሰሞን ዘነቡን አገረሸባት። አሁን ግን እንቢ አላለችም። የጎረቤቷ ሰዎች፣ ራሳቸው አጥንታቸው የሚቆጠር፣ ቃሬዛውን አነሡ። ጥጋቡ የሚባል ሰው ከፊት ይዞ ነበር፤ አቀበቱ ላይ እየተሳለ እንኳ አልቀየርም ብሎ አስቸገረ። «አያ ጥጋቡ፣ ስምህ ዘንድሮ ዋሸብህ» አለችው ዘነቡ ከላይ ሆና። «ከርሞ እክሰዋለሁ» አላት። ሳቁ። እኔ ከጎን ከጎን እሄዳለሁ።

ሐኪም ቤቱ በር ስንደርስ ዘነቡ ራሷን ቀና አደረገች። ሐኪሙን የምትፈልግ መስሎኝ ነበር። እሷ የምታየው በርሜሉን ነው። የካሳዬ ሚስት ለጥጋቡና ለጓደኞቹ ንፍሮ ስታፍስላቸው፣ እነሱም መብላት ሲጀምሩ አየች። ከዚያ ራሷን መልሳ አስተኛች። «እየበሉ ነው» አለችኝ። እንደዚያ ያለ የደስታ ፊቷን ከሠርጓ ቀን ወዲህ አላየሁም።

ካሳዬ በዚያው ጧት ባዶ እጁን ተመልሶ ነበር። ወደ ቃሬዛው መጥቶ አወቃት። እኔን ወደ ውስጥ ወሰደኝና ቁም ሳጥኑን ከፈተልኝ። መደርደሪያው ላይ ጨርቅና ውኃ የተሞላ ጠርሙስ ብቻ አለ። ጨርቁን በውኃ ነክሮ ይዞ ወጣ፣ ግንባሯ ላይ አደረገላት፣ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ሳትል ዘነቡ ዐረፈች።

«መጣች» አለ ካሳዬ፣ በኽምጥኛ፣ ለራሱ።

«አዎ፣ መጣች» አልሁት። «ቁጠራት።»

አልቆጠራትም። እጁ ጉልበቱ ላይ እንደተጨበጠ ቀረ።

ከዚያ ንጉሡ ወረዱ፣ ሌላ ዘመን መጣ። የዘነቡን ልጆች እኔ አሳደግሁ። ካሳዬ እዚያው ሐኪም ቤት ኖረ። «ዓመት ከአባቱ አይርቅም» ሲል ግን ሁለተኛ የሰማው የለም። በየገበያው ቀን ሰው በሚገባበት መንገድ አፍ ላይ ይቆማል። የጽጽቃውን ሰው፣ የሰሃላውን ሰው እያስቆመ፣ ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳይል፣ «ከእናንተ ማን ቀረ?» ይላል። ማን መጣ አይልም። ስንት ታመመ አይልም። ማን ቀረ ብቻ። አንዳንዱ ይሰለቸዋል፣ አንዳንዱ ይሥቅበታል፤ «ማን ቀረ መጣላችሁ» እያሉ የሚሸሹትም ነበሩ። እሱ ግን የቀረውን ሰው ስም ይዞ በማግስቱ በቅሎውን ይጭናል። በሰኔም ግምቱን ሲልክ የመጣውን ብቻ አይደለም፤ በየቤቱ ሄዶ ያገኘውንም ጨምሮ ነው።

ወደ እኔም ይመጣል። «እታለም፣ ማን ቀረ?» ይለኛል። የተዘጋ በር ያየሁበትን ቤት እነግረዋለሁ። ለሱ ብዬ አይደለም፤ ለበሩ ብዬ ነው። አንድ ቀን ጨዉን ይዞ ቆመና፣ «ድሮ አንቱ ትይኝ ነበር» አለኝ።

«እልህ ነበር።»

«አትመልሽውም?»

«እየመጣ ነው» አልሁት። «መንገዱ ሩቅ ነው።»

ሳቅ ሊል ፈለገና ተወው። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀኝም።

እንግዲህ የዚህን ሰው ተዝካር ላይ ተነሥተው፣ አንድ ቀን ዝንፍ አላለም ይላሉ። ዝንፍ ማለቱን ካላወቃችሁ ምኑን አወቃችሁት? በሩን ለቆ የወጣው ዝንፍ ስላለ ነው። ያንን ቢነግሩኝ ኖሮ ቁጭ ብዬ በበላሁ ነበር።

ከዳሱ ስወጣ የሚያስተናግደውን ሰው አገኘሁት። «ማን ቀረ?» አልሁት።

«ሁሉም መጥቷል፣ እማማ። አያዩም? ዳሱ ሞልቷል።»

ይኸው። አርባ ዓመት ተፈውሷል ያልሁት በሽታ በሰውየው ተዝካር ደጃፍ ቆሞ ያናግረኛል። «ሞሰቡን አምጣ» አልሁት። «ኧረ እርስዎ ይቀመጡ» አለኝ። «አምጣ አልሁህ» አልሁት። ሞልቶ ሰጠኝ።

ጥጋቡ ዘነቡን ተሸክሞ የወጣውን አቀበት ዛሬ በእግሩ አይወጣም። ጉልበቱም ዐይኑም ከድተውት ከልጁ ቤት በራፍ ላይ ይውላል። ምግቡን አቀረብሁለት። እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው።

«የማን ተዝካር ነው?» አለኝ።

«የሐኪም ካሳዬ።»

መጉረሱን ተወው። «እግዜር ይማራቸው» አለና እኔን ጠበቀ። እንደወጉ እኔም ደግሜ ማለት ነበረብኝ። ቆየሁ። ጥጋቡ አልቸኮለም፤ ሰው ነገር ሲከብደው የሚጠብቅ ሰው ነው።

«እግዜር ይማረው» አልሁ። «እግዜር ፈጣን ነው፣ አያ ጥጋቡ። እኔ ገና መንገድ ላይ ነኝ።»